አልጋው የወጣበት ቀን

አልጋው በሩ መሃል ተሰንቅሮ ወይ አልወጣ ወይ አልገባ አለ። እንሺራሕ ከውስጥ በትከሻዋ ትገፋለች፤ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ረድዋን ደግሞ ደረጃው ላይ ቆመው የአልጋውን እግር ይዘው ይጎትታሉ።

"ዘንበል አድርጊው እንጂ፣ የሐዚም እናት! ወደ ግራ!"

"ወደ ማን ግራ? ወደ እርስዎ ነው ወደ እኔ?"

"ወደ ግድግዳው!"

"በሁለቱም በኩል ግድግዳ ነው እኮ፣ መምህር!"

በሦስተኛው ግፊያ የበሩን ቀለም ልጦ ወጣ። መምህር ረድዋን ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ወርደው የደረጃውን ብረት ተደገፉና ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አልጋውን ወደ ሰገነቱ በሚወስደው ደረጃ ላይ በቁሙ አስደገፉት፤ ፍራሹንም ከላዩ ጣሉበት።

"ሠርግ ነው እንዴ? ስንት ሰው ልታስገቢ ነው?"

"አራት ነን። እኔን ጨምሮ።"

"ለአራት ሰው አልጋ ይወጣል?"

"ቤቴን አያውቁትም?"

ያውቁታል። አንድ ክፍል ነው፤ ከክፍሉ ጥግ ሁለት እርምጃ የምታህል ማእድ ቤት አለች፤ ከማእድ ቤቱ ቀጥሎ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት መጸዳጃ። ባሏ ከሞተና ልጇ ሐዚም ፖርት ሳይድ ሥራ ከያዘ በኋላ ለአንድ ሰው በቅቷታል። አልጋው በቦታው ካለ ግን እንግዳ መቀመጫው አልጋው ነው፤ ዓሣ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጦ አይበላም።

መምህር ረድዋን የጨው ዓሣው ወደሚሸትበት በር አፍንጫቸውን ቀሰሩ። "ፊሲኹ ገና ሳይፈታ ሽታው ወጥቷል። ዘንድሮም ቴሌቪዥኑ 'አትብሉ፣ ትመረዛላችሁ' ሲል ነው ያመሸው።"

"በየዓመቱ ይላል።"

"እኛም በየዓመቱ እንበላለን" አሉና እየሳቁ ወረዱ።

የፋሲካ ማግስት፣ የጸደይ በዓሉ ሸም ነሲም ነው፤ ሰኞ። ባኮስ ሰፈር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ባዶ እየሆነ ነበር። ምንጣፍ የጠቀለለ፣ በጋዜጣ የታሰረ ዓሣ ያንጠለጠለ፣ ለጋ ሽንኩርት እንደ አበባ እቅፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። እንሺራሕ ግን መስኮቷን ከፈተች፤ መሬቱን ወለወለች፤ ከመምህር ረድዋን የተዋሰችውን ምንጣፍ ዘረጋች። መሃል ላይ የሚቀመጠውን ዝቅተኛ ጠረጴዛ በጋዜጣ አልብሳ አራት ትራስ በዙሪያው ደረደረች። ትራሶቹን አራቃ ብታስቀምጥ ግድግዳው አላስኬድ አላት። አቀራረበቻቸው። የሚቀመጡት ሴቶች ጉልበት ለጉልበት መነካካታቸው የማይቀር ነበር። ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

አራቱም የትራም ትኬት ቆራጮች ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መስመር ላይ ሠርተዋል። ሸም ነሲም በመጣ ቁጥር ሰፊ ቤትና ሰፊ በረንዳ ባላት በቡሴይና ቤት ተሰብስበው ይውሉ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ቡሴይናና ማርሴል ተጣሉ፤ በረንዳውም ተዘጋ። ላለፉት ሁለት ሸም ነሲሞች እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ዋሉ። ዘንድሮ ተሕያ አስዋን ያለው ልጇ ጋ ጠቅልላ ልትሄድ ነው፤ ባቡሩ ሐሙስ ነው። ባለፈው ሳምንት እንሺራሕ ቤት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ "ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አራታችን አንድ ጊዜ አብረን እንብላ። ሁለቱም የሚያናግሩት አንቺን ብቻ ነው፤ ጥሪያቸው" አለቻት።

እንሺራሕ ጠራቻቸው። ለቡሴይና ማርሴል አትመጣም አለቻት፤ ለማርሴልም ቡሴይና አትመጣም አለቻት። ሁለት ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር ሲተያይ ግን ይህ ትንሽ ነው።

ፊሲኹን ከጋዜጣው ፈታች። ወራት ሙሉ በጨው ተቀብሮ የቆየው ዓሣ ሆዱ ሳይቀደድ፣ ዓይኑ ሳይጠፋ ግራጫ ሆኖ ተጋድሟል። ጉሮሮውን ከፍታ አየች፤ ቀላ ብሏል፤ ደህና ነው። ቆዳውን ከጅራቱ ጀምራ ስትገፍ እጇ ሥራውን ያውቀዋልና አሳቧ ወደ ሌላ ሄደ።

የቡሴይና ልጅ ሹሩቅ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ቀለበት አስራለች፤ የሠርጉ አዳራሽ ተይዟል። ሹሩቅ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። በሽታው በመድኃኒት ተይዞ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጥሏት አያውቅም። ይህንን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቁት ሦስቱ ጓደኛሞች ብቻ ነበሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ የእጮኛዋ እናት እንሺራሕ ትኬት የምትቆርጥበት ፉርጎ ላይ ተሳፈሩ። ትራሙ ባዶ ነበር። ወሬ ተጀመረ። "ልጅቷ ታማ ነበር አሉኝ፤ አሁንስ ተሻላት?" አሉ ሴትዮዋ፣ የሚያውቁ መስለው። እንሺራሕም የሚያውቁ መስሏት፣ ልጅቷን የምታመሰግን መስሏት፣ "ኧረ ድናለች እኮ! መድኃኒቱን በሰዓቱ ነው የምትውጠው፤ ከጣላት ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት፤ እንደሷ ያለች ጠንካራ ልጅ የት ይገኛል!" አለቻቸው። ሴትዮዋ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረዱ። በሳምንቱ ቀለበቱ በፖስታ ተጠቅልሎ ተመለሰ።

የእጮኛው አክስት የሚኖሩት ማርሴል ባለችበት ሕንፃ ነበር። ቡሴይና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። እንሺራሕ ባለችበት ተነሥታ፣ "የማርሴል ምላስ ነው! ወላሂ የማርሴል ነው!" ስትል እንሺራሕ አፏን ልትከፍት ፈልጋ ነበር። ዛሬ ትረጋጋ፣ ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከወር በኋላ ለመናገር ከባድ ሆነባት፤ ከዓመት በኋላ የማይቻል መሰላት።

በሩ ሲንኳኳ እጇ እስከ ክርኗ ዓሣ ነበር።

"ክፍት ነው!"

ማርሴል ነበረች። አራት ፎቅ ወጥታ እያለከለከች፣ በአንድ እጇ ጉልበቷን ይዛ፣ በሌላው በፎጣ የተሸፈነ ቅርጫት አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። "ደረጃው ላይ የቆመው አልጋ ነው? እኔ ደግሞ ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።"

"ቦታ ለማግኘት ነው። እንኳን አደረሰሽ፣ ማርሴልዬ። በዓሉ እንዴት ዋለ?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ምን ይውላል፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጉልበቴ አለቀ፤ ቀኑን ተኝቼ ዋልኩ።" ቅርጫቱን ገለጠች፤ ስኳር የተነሰነሰበት የበዓል ብስኩትና በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅለው የቀሉ እንቁላሎች ነበሩ። "ሁዳዴን ሙሉ ፆሜ፣ ዛሬ ይህን የገማ ዓሣ ልታበይኝ ነው አይደል? ስጪኝ ቢላውን።"

"አንቺ እረፊ።"

"ስጪኝ አልኩሽ። አንቺ እሾህ ትተዪበታለሽ።"

ጎን ለጎን ቆመው ሠሩ። ማእድ ቤቷ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተጣበቀ አታስቆምም። ማርሴል ስለ ሕንፃዋ ሊፍት፣ ስለ ጉልበቷ፣ ዓምና ስለሞተው ወንድሟ ልጆች አወራች። ስለ ቡሴይና አላነሣችም። እንሺራሕ ሎሚ ትጨምቅ ነበር፤ አንዱን ሎሚ ጨምቃ ከጨረሰች በኋላም ትጨምቀው ነበር።

ተሕያ ገና ከታች ደረጃው ላይ ነበር ድምጿ የተሰማው። "ትኬት! ትኬት ያልቆረጠ!" እያለች ወጣች። ከራሷ የሚበልጥ የለጋ ሽንኩርትና የሰላጣ እቅፍ፣ በላስቲክ ሙሉ ግብጦ ይዛ ገባች። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ብዙ አልፈጀባትም።

"ይህ ቤት ነው የትራም ፉርጎ?"

"ፉርጎው ይሰፋል" አለች ማርሴል።

"ፉርጎው ብዙ መስኮት አለው ቢያንስ! ነይ ሳሚኝ አንቺ። ከስታለች፤ ማርሴል ከስታለች፣ አየሻት እንሺራሕ? እኔ ስሄድ አጥንትሽ ብቻ ሊቀር ነው።" ከዚያ ወደ እንሺራሕ ጠጋ ብላ ጆሮዋ ላይ፣ "ትመጣለች?" አለች።

"ትመጣለች።"

"ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ደግ አደረግሽ። ብትነግሪያት አትመጣም ነበር" አለችና ቀጥ ብላ ሄዳ ከበሩ አጠገብ ያለው ትራስ ላይ ተቀመጠች፤ ሆን ብላ ነው።

ቡሴይና አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ረዥም ናት፤ ሁልጊዜም የተተኮሰ ልብስ ነው የምትለብሰው። በአንድ እጇ የሰሊጥ ጣሂና የሞላ ማሰሮ፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ ደፉን እንደረገጠች ማርሴልን አየቻት። ማርሴል የእንቁላል ሳህን ይዛ ከማእድ ቤት መውጣቷ ነበር። ከታች መንገዱ ላይ የሚጨፍሩ ልጆች ድምፅ ይሰማል።

"እንሺራሕ" አለች ቡሴይና። "አትመጣም ብለሽኝ ነበር።"

"ለእኔም አትመጣም ብላኛለች" አለች ማርሴል።

ቡሴይና ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ዞር ስትል ተሕያ ተነሥታ በሩን በጀርባዋ ዘግታዋለች። "ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! በሩ ላይ አይቆምም! ቀጣዩ ፌርማታ አስዋን ነው!"

"ተሕያ፣ ዞር በይ።"

"አልዞርም። ሐሙስ እሄዳለሁ። ከሐሙስ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተገዳደሉ። ዛሬ ግን ትበዪያለሽ። በእኔ ሞት።"

"በሞት አትማይ።"

"እንግዲያው በእኔ ባቡር።"

ቡሴይና ሳቋ ሊመጣ ሲል ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው። ማርሴል ሳህኑን አስቀምጣ ስትቀመጥ እሷም ጫማዋን አወለቀች። ከማርሴል በጣም የሚርቀውን ትራስ ፈልጋ ተቀመጠች፤ ርቀቱ አንድ ክንድ ተኩል ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጉልበቷ ግን የማርሴልን ጉልበት ነክቶ ቀረ። ብትስበው ግድግዳ ነው። ተወችው።

መብላት ጀመሩ። እንሺራሕ ፊሲኹንና በጭስ የደረቀውን ዓሣ፣ ዳቦውን፣ ጣሂናውን፣ ግብጦውን አቀረበች። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የሽንኩርት መሰበር ብቻ ነበር። ከዚያ ቡሴይና ለተሕያ፣ "ሎሚውን ታቀብለኝ በያት" አለቻት።

"ማንን?"

"ሎሚው አጠገቧ ያለችውን።"

"ማርሴል፣ ሎሚውን አቀብለኝ ትልሻለች።"

"ራሷ አፍ የላትም ወይ በያት።"

"አፍ የለሽም ወይ ትልሻለች።"

"አፍስ አለኝ፤ ግን አፌን የምይዝ ሰው ነኝ በያት።"

ተሕያ ሎሚውን ራሷ አንሥታ ቡሴይና ዳቦ ላይ ጨመቀችው። "እኔ የስልክ ቀፎ አይደለሁም። ዓሣዬን ልብላበት!" አለች። ትንሽ አሰበችና ጉንጯ እንደሞላ ቀጠለች። "ያ በር ይዞ የተሳፈረውን ሰውዬ ታስታውሳላችሁ?"

ተሕያ አንድ ወሬ ከጀመረች በኋላ አድማጭ አያሳስባትም። "ሙሉ በር እኮ ነው! የእንጨት በር! በሠራተኛ መውጫ ሰዓት። ይዞ ገብቶ ፉርጎው መሃል አቆመው። ሰዉ ለማለፍ በሩን ያንኳኳ ነበር። 'ማነው?' ይላል ሰውዬው ከወዲያ ማዶ።"

"አረንጓዴ በር ነበር" አለች ማርሴል ፈገግ ብላ።

"ሰማያዊ ነው" አለች ቡሴይና ወደ መስኮቱ።

"አረንጓዴ ነው። ትኬት የቆረጥኩለት እኔ ነኝ።"

"ለበሩ ነው ለሰውዬው?"

"ለሁለቱም። በሩ መቀመጫ ይዟል ብዬ።"

"እኮ፣ አንቺ ለበሩ ትኬት ስትቆርጪ እኔ ነኝ ከኋላ ሆኜ በሩን የያዝኩት! ሰማያዊ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ከደንብ ልብሴ እስከዛሬ አልለቀቀም!" አለች ቡሴይና። ዞራ ማርሴልን ዓይን ዓይኗን እያየች መናገሯን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነበር። ተሕያ በሳቅ ወደ ኋላዋ ወድቃ ጭንቅላቷ ግድግዳውን መታው። ያ የባሰ አሳቃቸው። አራቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ተሕያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ትጠርግ ነበር፤ ጥርጊያው ግን አላበቃም። እያለቀሰች ነበር።

"አስዋን ማን አለኝ? እስኪ ንገሩኝ፣ ማን አለኝ? የልጄ ሚስት ስስቅ ትደነግጣለች። ቢያንስ ሁለታችሁ ታርቃችሁ ልሂድ።"

ቡሴይና ዳቦዋን አስቀመጠች። ድምጿ ደረቀ። "እኔ የፈለግሁት አንድ ቃል ነው። ሦስት ዓመት የፈለግሁት አንድ ቃል ነው። 'አዎ፣ እኔ ነኝ' ትበል። አፌ አዳለጠኝ ትበል። እኔ ደንጊያ አይደለሁም፤ ይቅር እላለሁ። ዓይኔን እያየች 'አላልኩም' ስትለኝ ነው የማልችለው።"

እንሺራሕ የሻይ ማፍያውን ይዛ ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ማርሴል አጎንብሳ የዓሣ እሾህ ከሳህኗ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ ታሰልፋለች።

"እሺ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ የነገርኳት። ለአክስቱ። ደረጃ ላይ ተገናኝተን አፌ አዳለጠኝ። ይቅር በይኝ፣ ቡሴይና።"

ቡሴይና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ያቺ ሁሌ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ጎንበስ ብላ ግንባሯን ማርሴል ትከሻ ላይ ጣለችና እንደ ልጅ አለቀሰች። "ያኔ ብትዪኝ ምን ነበረበት! ያኔ ብትዪኝ!" ትላለች። ማርሴል ዓሣ ባልነካው በእጇ ጀርባ ትደባብሳታለች። ተሕያ እልል አለች፤ ከታች ፎቅ መምህር ረድዋን በመጥረጊያ ዘንግ ጣራውን መቱ።

እንሺራሕ ወደ ማእድ ቤት ተመለሰች። ማፍያውን ምድጃው ላይ አስቀመጠችው፤ እሳቱን መለኮስ ግን ረሳች። ነገሩ አልቋል። ማንም አልተጎዳም፤ ሁሉም ታርቋል፤ ተሕያ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ማድረግ የሚጠበቅባት ሻይ ማፍላት ብቻ ነው።

ማርሴል እጇን ልትታጠብ መጣች። ግማሽ ሎሚ አንሥታ ጣቶቿን ታሽ ጀመር።

"ምን ብለሽ ነው እንደዚያ ያልሽው?" አለች እንሺራሕ በሹክሹክታ። "ያላደረግሽውን?"

የማርሴል እጅ ቆመ።

"ያላደረግሁት መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"አንቺ ነሻ… አላደረግሁትም ስትዪ…"

"ሦስት ዓመት አላደረግሁትም ስልሽ አንድ ቀን 'አምንሻለሁ' ብለሽኝ አታውቂም። 'እንጃ' ነው የምትዪኝ። 'እንጃ ማርሴል፣ እግዜር ይወቅ' ነው የምትዪኝ። ዛሬ በምን አወቅሽ?"

እንሺራሕ ያልተለኮሰው ምድጃ ላይ ማፍያውን አስተካከለች።

"እናቱ ትራም ላይ… የሚያውቁ መስሎኝ ነው። እያመሰገንኳት ነበር እኮ፤ ወላሂ እያመሰገንኳት…"

ማርሴል ቧንቧውን ከፍታ እጇን አለቀለቀች፤ ዘጋችው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተጣበቀ በማያስቆመው ማእድ ቤት ውስጥ ዞር የምትልበት ቦታ አልነበራትም፤ ስለዚህ ግድግዳውን እያየች ተናገረች።

"ወንድሜ ሲሞት ቡሴይና አልመጣችም። ሬሳው እስኪወጣ በሩን በሩን ሳይ ነበር። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር።" እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "አልናገርብሽም። እኔ ሰላሜን አግኝቻለሁ። የቀረው ያንቺ ነው።" የሎሚ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

እንሺራሕ እሳቱን ለኮሰች። ሻዩ እስኪፈላ ቆመች። አራት ብርጭቆ ሞልታ በትሪ ይዛ ስትገባ ቡሴይና ፊቷን አብሳ፣ ቀልታ፣ አምስት ዓመት ወጣት መስላ ተቀምጣለች።

"ነይ ተቀመጪ፣ ነይ" አለቻት። "ለማርሴል እየነገርኳት ነበር። ለሹሩቅ ሰው መጥቷል። ደህና ሰው ነው፤ በሽታዋን ራሷ ነገረችው፣ መጀመሪያ ቀን። 'እና?' አላት። በቃ፣ 'እና?' ብቻ! በሚቀጥለው ዓርብ ቤተሰቦቹ ይመጣሉ። ማርሴል ትመጣለች። አንቺ ግን እንግዳ አይደለሽም፤ አንቺ ከእኔ ጋር በር ላይ ቆመሽ ትቀበያለሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልተለየሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላ እህት የለኝም።"

እንሺራሕ ትሪውን አስቀመጠች። አንዱ ብርጭቆ ተንሸራቶ ጋዜጣው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አላነሣውም።

"ማርሴል አይደለችም" አለች።

"ምኑ?"

"ለአክስቱ ማንም አልነገራቸውም። ለእናቱ ነው የተነገራቸው። ትራም ላይ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ።"

ተሕያ፣ "ምን ትላለች ይቺ?" አለች።

"ድገሚው" አለች ቡሴይና።

እንሺራሕ ደገመችው። ሴትዮዋ ያሉትን፣ እሷ የመለሰችውን፣ የወረዱበትን ፌርማታ ጭምር ተናገረች። ድምጿ ትኬት ስትቆርጥ እንደነበረው ጠፍጣፋ ነበር።

ቡሴይና ጮኻ ብትሰድባት ይሻል ነበር። አልጮኸችም። "በየዓርቡ ቤቴ ትመጪ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "በየዓርቡ እኔ ማርሴልን ስረግም ስኳርሽን እያማሰልሽ ትሰሚኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም 'ተይ አትራገሚ፣ ለጤናሽ አይበጅም' ብለሽኛል።"

"ብያለሁ።"

"ለጤናዬ።"

"አዎ።"

ቡሴይና ወደ ማርሴል ዞረች። "አንቺስ? ምን አድርጊ ብሎሽ ነው ያላደረግሽውን አደረግሁ ያልሽው?"

"ደከመኝ" አለች ማርሴል። "ስልሳ ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፤ ይህቺ ታለቅሳለች። እውነቱን ይዤ ሦስት ዓመት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከእውነቱ አንቺ በለጥሽብኝ።"

ቡሴይና የማርሴልን እጅ አነሣችና፣ ሎሚና ዓሣ የሚሸተውን፣ ሳመችው። "ለወንድምሽ ለቅሶ አልመጣሁም።"

"አልመጣሽም።"

ቡሴይና ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። "ሹሩቅ? ነይና ውሰጂኝ። አይ፣ ደህና ነኝ። ነይ ብቻ።" ስልኩን ዘጋች።

የቡሴይና ቤት ከዚያ ሩብ ሰዓት ይሆናል። ሩብ ሰዓት በዚያ ክፍል ውስጥ ረዥም ነበር። ማንም ከማንም ፊት የሚያዞርበት ቦታ የለም። ማርሴል እንቁላል ላጠች፤ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ተሕያ እጅ ውስጥ አደረገችው። ተሕያ ሳትበላው ያዘችው። እንሺራሕ የፈሰሰውን ሻይ በጨርቅ መጠጠች፤ ጨርቁን ጨመቀች፤ እንደገና መጠጠች።

"ቡሴይና" አለች ተሕያ በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለልጅቷ አትንገሪያት። በአላህ። አዲስ ነገር እየጀመረች ነው፤ ያለፈው አልፏል። ምን ይጠቅማታል?"

ቡሴይና ስልኳን እጇ ላይ አገላበጠች። ያሰበችበት ይመስል ነበር።

"እማዬ!" የሚል ድምፅ ከታች ከመንገዱ መጣ። "እማዬ! ባጃጁ ቆሟል፣ ውረጂ!"

ቡሴይና ለመነሣት እጇን መሬት ላይ ደገፈች። እንሺራሕ ግን ቀድማ ተነሥታለች፤ ሽርጧን ፈትታ ማእድ ቤቱ ውስጥ ወረወረችው።

"አንቺ ተቀመጪ" አለች። "እኔ ልውረድ።"

"ወርደሽ ምን ልትዪያት ነው?"

"ላንቺ ያልኩሽን።"

"አብደሻል!" አለች ተሕያ።

ቡሴይና ግማሽ ተነሥታ፣ ግማሽ ተቀምጣ አየቻት። ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም። ከዚያ ቀስ ብላ ትራሱ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

እንሺራሕ አራቱን ፎቅ ብረቱን ይዛ ወረደች። ሹሩቅ ከሕንፃው በር ፊት ባጃጁን ተደግፋ ቆማለች፤ የበዓል ልብስ ለብሳለች፤ ጸጉሯን ነፋሱ ይበትንባታል። እንሺራሕን ስታይ እጇን ዘረጋች።

"እትዬ እንሺራሕ! እንኳን አደረሰሽ!" ጉንጯን ስማ አፍንጫዋን ያዘችና ሳቀች። "ኧረ ዓሣ ዓሣ ብቻ ነው የምትሸቺው! እማዬስ?"

"እሷ ትቆያለች።" እንሺራሕ ወደ ባጃጁ ሾፌር ጎንበስ አለች። "አንተ ሂድ፣ ወንድሜ። አትጠብቅ፤ እንቆያለን።"

ባጃጁ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ሰው መሃል ተሽሎክልኮ ሄደ። ሹሩቅ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ግራ ተጋብታ አየቻት።

እንሺራሕ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

"ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ፣ ልጄ" አለቻት። "የምነግርሽ ነገር አለ።"